ስለ ተራራ አትስበኩላት፤ ሸክሟን መዝኑላት

ሰሞኑን አንድ የሆም ኬር ኤጀንሲ፣ ተንከባካቢዎችን ወደ ታማሚ ቤት የሚልክ ድርጅት፣ ለሠራተኞቹ በሰጠው ሥልጠና ላይ ስለ ተራራ መውጣት የተደረገ ንግግር በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የአበሻ ተንከባካቢዎች ስልክ ሲዘዋወር ሰነበተ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ኤቨረስትን የሚወጣ ሰው ደከመኝ አይልም፤ ድካም ጭንቅላት ውስጥ ያለ ሐሳብ ነው፤ እናንተም ሌሊቱን ከታማሚ አልጋ አጠገብ ስታነጉ ተራራ ላይ እንዳላችሁ ቁጠሩት፤ ጽናት ከውስጥ ነው። ብዙዎች ወደውታል፣ ለጓደኞቻቸውም ልከውታል። እኔን ግን አንገብግቦኛል።

መጀመሪያ ያንገበገበኝ ጊዜው ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በጁላይ 2025 የቤት ለቤት ተንከባካቢዎችን ከዝቅተኛ ደመወዝና ከኦቨርታይም ሕግ ጥላ ሥር ያስገባውን የ2013 ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቀረበ፤ ወሩ ሳያልቅም ደንቡን ማስከበር እንደሚያቆም አስታወቀ። የነርሲንግ ሆሙም፣ የአረጋውያን መጦሪያው፣ ከዚህ አይሻልም። በ2024 የወጣው ዝቅተኛ የሠራተኛ ቁጥር መለኪያ በኤፕሪል 2025 ቴክሳስ ባለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተሻረ፤ ኮንግረስም እስከ 2034 ድረስ እንዳይተገበር አገደው። አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚያ የሚሠሩት ለጊዜው ተርፈዋል። ሌላዋ ክፍያዋም አጋዥ ባልደረባዋም ከእጇ እየወጡ ባሉበት ሰዓት የቀረበላት ስንቅ የተራራ ስብከት ነው።

ሁለተኛው ስብከቱ ራሱ ውሸት መሆኑ ነው። ከጽናት ጉዞ ተንከባካቢ የምትማረው የለም አልልም፤ ሞልቷል። በረዶ ላይ ወራት የከረሙ፣ 8 ሺህ ሜትር ላይ ያደሩ፣ መቶ ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ሰዎች እንዴት በሕይወት እንደሚመለሱ በዝርዝር ተጽፎ ተቀምጧል። መዝገባቸውን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ግን ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጭነት ልክ፣ ስለ ተረኛ፣ ስለ መመለሻ ሰዓት የተሠራ ሒሳብ ነው። ጀግንነቱ ያለው እዚያ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ተራራ ላይ ደከመኝ አይባልም የሚለውን እንመርምረው። የኤቨረስት ጫፍ ላይ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሲሶ ገደማ ነው። ስለዚህ የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች የሚመክሩት ሕግ አለ፦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ። ጥሩ መሪ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ሰው ይጠይቃል፦ ራስህን ያምሃል? ቁርስ በላህ? ተኛህ? እግርህ ይታዘዝልሃል? አንዱ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከጀመረ ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ያደርገዋል። መራመድ ካቃተው አንጎሉ ማበጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም መውረድ ነው፣ ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን። ድካሙን የደበቀ ሰው በዚያ ከፍታ ላይ አስከሬን ይሆናል፣ ሊያወርዱት የሞከሩትንም ይዞ ይሄዳል። ደከመኝ ማለት እዚያ የሚፈለግ መረጃ ነው። መረጃውን የሚሰጥ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይሰበክለትም።

ወደ አልጋው አጠገብ እንመለስ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የእጁ ቅልጥፍና ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን ጥናት ካሳየ ቆይቷል። 24 ሰዓት ሲሞላው 0.10 በመቶ እንዳለበት ሰው ይሆናል፤ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ስቴቶች መንጃ ፈቃድ የሚያስነጥቀው ልክ ደግሞ 0.08 ነው። በ2004 የታተመ የአሜሪካ ነርሶች ጥናትም ሺፍቱ፣ የሥራ ፈረቃው፣ 12 ሰዓት ተኩል ሲያልፍ የስህተት ዕድል በሦስት እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ደብል ሺፍት ሠርታ ለሦስተኛው የምትጠራ ሴት ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሐሳብ አይደለም። ኢንሱሊን ስትሰጥ ቁጥር የሚያሳስታት፣ አባባን ከሽንት ቤት ስታነሳ እግሯን የሚያብረከርካት የሰውነቷ ሕግ ነው። ለእሷ ድካምሽ ሐሳብ ነው የሚል ሰው በኤቨረስት ላይ ቢሆን ቡድኑን የሚያስፈጅ መሪ ነበር።

ከተራራ የሚወሰድ ድፍረት ካለ የመመለስ ድፍረት ነው። ኤቨረስት ላይ መመለሻ ሰዓት የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ይደረጋል። ጫፉ አንድ መቶ ሜትር ቢቀርም በዚያ ሰዓት ፊት ይዞራል፣ ምክንያቱም የጎደለው ኦክስጅንና የሚመጣው ጨለማ ለማንም ፍላጎት አይታዘዙም። በሜይ 1996 በአንድ የበረዶ ማዕበል ስምንት ሰዎች አለቁ፤ ከኔፓል በኩል ከወጡት ቡድኖች መካከል ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ወደ ላይ መሄዳቸውን የቀጠሉ ነበሩ። ሰዓቱ የሚወሰነው ታች ካምፕ ላይ፣ አእምሮ ሳይደክም ነው። ለምን ቢባል፣ የደከመ አእምሮ የራሱን ድካም መለካት አይችልም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ለተንከባካቢዎች ያስተማረ ሥልጠና ቢኖር አጨበጭብለታለሁ፦ ሺፍቱ ከመጀመሩ በፊት ማቆሚያ ሰዓትሽን ወስኚ፣ ሺፍት ለሚመድበው ኮርዲኔተር በጽሑፍ ላኪ፣ ከዚያ በኋላ ሌሊት ስልክ ተደውሎ በሚመጣ ልመና አትለውጪው።

ከሩቅ ምሳሌ ማምጣትም አያስፈልግም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኤፕሪል 2007 የለንደን ማራቶንን 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋርጦ ወጣ። ትንፋሽ እምቢ ብሎት ነበር። ጽናት ከውስጥ ነው ብሎ የቀረችውን 12 ኪሎ ሜትር ቢጎተት ማንም ጀግና አያደርገውም ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በጽናቱ ዓለም የሚያውቀው ሰው ማቆም ሲገባው አቁሟል። የኛ ተንከባካቢ ግን ወገቧ ተይዞ አንድ ቀን ብትቀር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር ሰነፍ ትባላለች።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ቤት ልናገር። ይህ ስብከት እኛ ዘንድ እንደ እሳት የተያያዘው ቀድሞም ጭድ ስለነበረ ነው። ቻይ ሴት የምትወደስበት ባህል ነው ያሳደገን። ልጅቷ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሆና አዛውንት እያጠበች፣ ልጅ እያሳደገች፣ ቤት እያጸዳች፣ የዕረፍት ቀን ሳታውቅ ስትቀር ከአገር ቤት በስልክ የሚመጣላት ቃል ቻይው የሚል ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞችን በተመለከተ በ2011 ያወጣው 189ኛው ስምምነት በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። ቢያንስ! እኛ ይህን ማስታወስ ሲገባን ትዕግሥትን እንልክላታለን። ከዚያ እዚህ መጥታ ኤጀንሲ ስትቀጠር ያው ቃል በእንግሊዝኛ፣ በስክሪን ላይ፣ የተራራ ሥዕል ታክሎበት ይጠብቃታል።

አሁን ወደ ዋልታ አሳሹ ሻክልተን ልምጣ፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ንግግር ያለ እሱ ስም አያልቅም። ነገሩ የታወቀ ነው፦ ኢንዱራንስ የተባለችው መርከቡ በ1915 አንታርክቲካ ውስጥ በበረዶ ተይዛ ተሰባበረች፣ 28ቱም ሰዎች በሕይወት ተመለሱ። ሰባኪዎቹ የማይሉት ደግሞ እንዴት እንደተመለሱ ነው።

በረዶው ላይ ሲወርዱ የተገኘው የፀጉር መኝታ ከረጢት 18 ብቻ ነበር፤ የቀረው ቀዝቃዛው የሱፍ ነው። ዕጣ ወጣ። ዕጣው እንዴት እንደወጣ ባይነገርም የፀጉሩ ለተራ መርከበኞች ደረሰ፣ ሻክልተንና አብዛኞቹ መኮንኖች የሱፉን ወሰዱ። በኤፕሪል 1916 ስድስት ሆነው እርዳታ ፍለጋ በአንዲት ጀልባ ካረፉበት ኤለፋንት ደሴት ወደ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ሲሻገሩ፣ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል በዓለም ክፉ ከሚባለው ባሕር ላይ፣ ለሁለት ተከፈሉ፦ ሦስቱ አራት ሰዓት ሸራ ይቆጣጠራሉ፣ የገባውን ውኃ ይቀዳሉ፣ መሪ ይይዛሉ፤ ሦስቱ አራት ሰዓት ይተኛሉ። ጀልባዋ ልትሰጥም ስትቃረብ ካልሆነ በቀር ይህ አልፈረሰም። ትኩስ ምግብ በሰዓቱ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ ትኩስ ወተት። ሻክልተን አንዱ ሰው ከሌላው ይበልጥ ሲንቀጠቀጥ ካየ ያንን ሰው ነጥሎ አይጠራም፤ ለሁሉም ትኩስ መጠጥ ያዛል፣ ያ ሰው ደካማ ነኝ ብሎ እንዳይሸማቀቅ።

እስቲ ይህን ከኤጀንሲዎቹ አሠራር ጋር አስተያዩት። በአራት ሰዓት የሚቀያየር ተረኛ የት አለ? በአለቃ ትእዛዝ የሚመጣ ትኩስ ምግብ የት አለ? ከባዱን ኬዝ፣ ሁለት ሰው የሚፈልገውን፣ ሌሊት አሥር ጊዜ የሚነሳውን ዲመንሽያ፣ የመርሳት ሕመም፣ ያለበትን ሰው የሚወስደው ማነው? ሁልጊዜ አዲሷ ናት፤ ቋንቋ ያልጠነከረላት፣ እምቢ ማለት የምትፈራው። የሻክልተን መኮንኖች የሱፉን ከረጢት ወሰዱ። እዚህ የሱፉ ከረጢት የሚሰጠው ትናንት ለተቀጠረችው ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ኤለፋንት ደሴት ላይ የቀሩት 22 ሰዎች ነገር ነው። ፍራንክ ዋይልድ የሚባል ሰው እየመራቸው ሁለት ጀልባ ገልብጠው ቤት አድርገው ከአራት ወር በላይ ተቀመጡ። ሁለት ሐኪሞች በማብሰያ ምድጃ ብርሃን በክሎሮፎርም አደንዝዘው የአንድ ወጣት በውርጭ የበሰበሱ የእግር ጣቶች ቆረጡ፤ ልጁ ዳነ። ዋይልድ ባሕሩ በጠራ ቀን ሁሉ ዕቃችሁን ጠቅልሉ፣ ዛሬ አለቃ ሊመጣ ይችላል ይላቸው ነበር። ይህን ማለት የቻለው ሻክልተን እንደማይተዋቸው ስለሚያውቅ ነው። ሻክልተንም አልተዋቸውም፦ የመጀመሪያዋ መርከብ በበረዶ ተመለሰች፣ ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። በአራተኛው ሙከራ፣ ኦገስት 30 ቀን 1916፣ ልዊስ ፓርዶ በሚባል መኮንን የምትመራ ዬልቾ የምትባል የቺሊ ትንሽ መርከብ ደረሰች። የ22ቱ ጽናት በደረታቸው ውስጥ ብቻ አልነበረም። ግማሹ ባሕር ማዶ ሆኖ መርከብ በሚለምን ሰው እጅ ነበር።

የተንከባካቢ ትልቁ ጭንቀት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፦ ተረኛዋ ሳትመጣ ስትቀር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መውጣት ነበረባት። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ለኮርዲኔተሩ ትደውላለች፣ አይነሳም። ጥላ ብትሄድ ታማሚ ጥላ ሄደች ተብላ ፈቃዷን ልታጣ ትችላለች፣ ሰውዬውም ብቻውን ሊወድቅ ይችላል። ልጆቿ ቤት ብቻቸውን ናቸው። ሌሊቱን ታድራለች፣ በማግስቱም ሺፍት አላት። የዚች ሴት ችግር የጽናት ማነስ ነው ወይ? የጎደለው ተተኪ ነው። ሻክልተንን በእውነት የሚያደንቅ ኤጀንሲ አንድ ነገር ያድርግ፦ ማታና ቅዳሜና እሑድ የሚነሳ ስልክ ይኑር፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት ደመወዝ እየተከፈላት ተጠባባቂ የምትሆን አንዲት ሴት ትመደብ፣ ተረኛ 30 ደቂቃ ከዘገየች እሷ ትነሳ። አራት ጊዜ መርከብ መፈለግ ማለት ይኸው ነው።

የቁጥሩን ጉዳይ በአጭሩ ልንካው። እንግሊዛዊው አሳሽ ስኮት በጃንዋሪ 1912 ወደ ደቡብ ዋልታ ለመጨረሻው ጉዞ ራሱን ጨምሮ አምስት ሰው ሆኖ ሄደ። ድንኳኑ፣ ምድጃው፣ በየመንገዱ የተቀመጠው ስንቅ ሁሉ የተሰናዳው በአራት አራት ሰው ሒሳብ ነበር። አንድ ሰው በመጨመሩ ምግብ ማብሰሉ ረዘመ፣ መኝታው ጠበበ፣ ስንቁን ማካፈል ችግር ሆነ። አምስቱም ሞቱ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከትልቁ ስንቅ ማከማቻ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራቸው። ብርዱም ክፉ ዕድላቸውም ነበረበት፤ ሒሳቡን ማዛባት ግን ስህተትን ሁሉ ያባብሳል። በዚያው ዘመን ወደ ዋልታው የሄደው ኖርዌያዊው አሙንድሰን ደግሞ ቀድሞ ሦስት ቶን ያህል ስንቅ በመንገዱ አከማችቶ፣ በየማከማቻው ግራና ቀኝ ባንዲራ ተክሎ፣ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ብቻ ተጉዞ የቀረውን እያረፈ ሄዶ ተመለሰ። በሴፕቴምበር 1911 ቀድሞ ወጥቶ ብርዱ ሲበረታ ተመልሶ ወደ ሰፈሩ የገባም እሱ ነው። አሁን የተሻረው የነርሲንግ ሆም መለኪያ ለአንድ ነዋሪ በቀን ከረዳት ነርሶች 2.45 ሰዓት ይጠይቅ ነበር። 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ለማጠብ፣ ለማልበስ፣ ሦስት ጊዜ ለማብላት፣ ዳይፐር ለመቀየር፣ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ለማገላበጥ። ይህችን እንኳ በዛች ተባለ።

የሁሉም ማሰሪያ ግን ሸክም ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኪሊማንጃሮ ላይ የተሸካሚ ጭነት ልክ 20 ኪሎ ነው፤ ጭነቱም ሚዛን ላይ ይወጣል። ሕጉ ሁልጊዜ ይከበራል አልልም፤ ግን ልክ አለ፣ ሚዛን አለ፣ ትርፉ ሲገኝ ሌላ ተሸካሚ ይጨመራል። ከታንዛኒያ ድሃ መንደር የመጣ ወጣት ጀርባው ላይ የሚወጣው ነገር በኪሎ ይታወቃል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤት ውስጥ ያለች ተንከባካቢ የምታነሳው ግን አይመዘንም። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ቀመር ተሰልቶ ታማሚን በእጅ ለማንሳት የተገኘው ልክ፣ ሁኔታው ሁሉ የተመቻቸ ቢሆን እንኳ፣ 35 ፓውንድ ነው፤ 16 ኪሎ ገደማ። የ90 ኪሎ ሰው አንድ እግር ብቻ 15 ኪሎ ይጠጋል። እግሩን አንስታ ካልሲ ስታጠልቅለት ልኩ ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ብቻዋን ስታዘዋውረውስ? ሰው እንደ ሻንጣ አይደለም፤ ይንሸራተታል፣ ይፈራል፣ መሃል ላይ አንገቷን ጨምቆ ይይዛል።

ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ በሥራው ላይ ያሉት ሆየር ሊፍት ይሉታል። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው የተራራ ገመድ አያያዝ እንደሆነ ይገባዋል። መጀመሪያ ስሊንጉ፣ ታማሚው ታቅፎ የሚነሳበት ጨርቅ፣ ይታያል፦ ስፌቱ ተተርትሯል ወይ፣ የክብደት ልኩ የተጻፈበት ምልክት ይነበባል ወይ፣ መጠኑ ከሰውዬው ጋር ይስማማል ወይ። የሰፋ ስሊንግ ሰውን በመሃል ያሾልካል፣ የጠበበ ደግሞ ጭኑን ይቆርጣል። ሰውዬው ወደ ጎን ይዞርና ግማሹ የተጠቀለለ ስሊንግ ከጀርባው ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ዞሮ ይዘረጋል፤ የታችኛው ጠርዝ ጅራት አጥንቱ ጋ መድረስ አለበት። ማንጠልጠያዎቹ በቀለም የተለዩ ናቸው፤ የግራውና የቀኙ ትከሻ አንድ ቀለም፣ የግራውና የቀኙ እግር አንድ ቀለም መሆን አለበት። ካልሆነ ሰውዬው አየር ላይ ያጋድላል። የሊፍቱ እግሮች ይከፈታሉ፤ ተዘግተው ከተነሳ ይገለበጣል። የዊልቸሩ ፍሬን ይያዛል፣ የሊፍቱ ጎማ ግን ሲያነሳ ራሱን እንዲያስተካክል በአብዛኛው ሳይያዝ ይተዋል። ሰውዬው ከፍራሹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ሲል ቆም ይባላል፤ አራቱም ማንጠልጠያ ይነካል፣ ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው ጉዞው። ይህን ሁሉ ሁለት ሰው መሥራት አለበት፦ አንዷ መቆጣጠሪያውን ስትይዝ ሌላዋ እግሩ ከብረቱ እንዳይጋጭ ትመራዋለች።

ቤት ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ ጎማው አይንቀሳቀስም። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ እግሩ አይከፈትም። አልጋው ወለል ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ሊፍቱ ከሥሩ አይገባም። ባትሪው ማታ አልተሰካም፣ ሞቷል። ሁለተኛ ሰው የለም። ስለዚህ ያቺ ሴት በክንዷ ታነሳለች፤ አንድ ቀን ወገቧ ይነሳል፣ ኤጀንሲውም ለምን ሊፍቱን አልተጠቀምሽም ብሎ ይጽፍባታል። እያንዳንዱ ችግር ግን መፍትሔው ይታወቃል፦ ኬዙ ከመጀመሩ በፊት ነርሷ ሄዳ በሩንና ክፍሉን በሜትር ትለካ፣ ምንጣፉ ይነሳ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል የሆስፒታል አልጋ ይታዘዝ፣ ትርፍ ባትሪ ይኑር፣ ክብደቱና የመንቀሳቀስ አቅሙ በኬር ፕላኑ፣ በእንክብካቤ ዕቅዱ፣ ላይ ይጻፍ፣ ሁለት ሰው የሚል ከሆነ ሁለት ሰው ይላክ። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ዝግጅት ይህ ነው። ይህን ሳያደርጉ ላኳትና ከዚያ ጽናት የለሽም አሏት!

ታማሚን ደግፎ ለማራመድ የሚታሰረው ቀበቶ፣ ጌት ቤልትም፣ እንዲሁ ነው። ወገብ ላይ ከልብስ በላይ ይታሰራል፣ ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተውለታል፣ ሆዱን በቅርብ ለተቀደደ ሰው አይታሰርም፤ ለመምራት እንጂ ለማንጠልጠል አልተሠራም። ሰውዬው መውደቅ ሲጀምር ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ ያለች ሴት አብራው ትወድቃለች። ትክክለኛው እግርን ከፍቶ መቆም፣ ወደ ራስ ማስጠጋት፣ በአንድ እግር ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ወለሉ ማንሸራተት፣ ጭንቅላቱን መጠበቅ፣ ከዚያ ሳያነሱ እርዳታ መጥራት ነው። ይህ ድፍረት ይጠይቃል፤ ሰውን አስቀምጬው ቢያዩኝ ጣለችው ይሉኛል የሚለውን ፍርሃት መርገጥ አለባት።

ኦቨርታይም ከተከፈለ ቤተሰብ አይችልም፣ አረጋውያን ያለ እንክብካቤ ይቀራሉ የሚል መከራከሪያ አለ። እንክብካቤ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሜዲኬድ፣ መንግሥት ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች ያቆመው የጤና መድን፣ የሚከፍለውም አነስተኛ ነው። ግን ክፍተቱን ለመሙላት የተመረጠችው ለምን እሷ ሆነች? ዊልቸሩ፣ የኤጀንሲው ኪራይ፣ የኢንሹራንሱ ክፍያ ርካሽ ይሁን ያለ የለም። ለቤተሰብ እንዘን ተብሎ የተቆረጠው ከተሸካሚዋ ጀርባ ብቻ ነው። ርካሽ የሆነው እንክብካቤ ደግሞ የሚያልቀው በወገብ ሕመምና በሦስት ወር ውስጥ ሥራ በመልቀቅ ነው፤ ለአረጋዊው ደግሞ በየወሩ አዲስ ፊት። እማማ ስሟን ገና ሳይዙት የሄደች ልጅ ለማን ርካሽ ናት?

ሌላም የጉዞ ሰዎች የማይተዉት ሥራ አለ፤ መዝገብ። ያቺ የሻክልተን ትንሽ ጀልባ ደቡብ ጆርጂያን ያገኘችው አቅጣጫ ቀማሪዋ ፍራንክ ዎርስሊ በጉዞው ሁሉ ፀሐይን አራት ጊዜ ብቻ ለክቶ፣ በረጠበ ወረቀት ላይ ያለማቋረጥ ስለመዘገበ ነው። ለተንከባካቢ መዝገብ ደመወዟ ነው። በኒውዮርክ 24 ሰዓት የምትሠራ ሴት 13 ሰዓት ብቻ ይከፈላታል፤ የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2019 ይህንን አጽንቶታል። ምክንያቱም ስምንቱ ሰዓት እንቅልፍ፣ ሦስቱ ምግብ ነው ይባላል። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ከስምንቱ ውስጥ ያልተቋረጠ አምስት ሰዓት ካልተኛች ስምንቱም ሊከፈላት ይገባል። ብዙዎቹ ይህንን አያውቁም፣ የሚያውቁትም ማስረጃ የላቸውም።

ስለዚህ ትንሽ ደብተር ከትራሷ አጠገብ ይኑር። ቀኑ፣ የተነሳችበት ሰዓት፣ ለምን እንደተነሳች፣ ተመልሳ የተኛችበት ሰዓት፦ ሌሊት 6፡40 ሽንት ቤት፣ 7፡05 ተኛሁ፤ 8፡30 ዳይፐር፣ 9፡00 ተኛሁ፤ 10፡15 ወደ በሩ ሲሄድ መለስኩት፣ እስኪነጋ አልተኛሁም። የአገር ቤት ሰዓት ይሁን የፈረንጅ፣ አንዱን መርጣ አትቀላቅል። በየጠዋቱ ገጹን ፎቶ አንስታ ለኮርዲኔተሩ ትላክ፣ የላከችበትንም መልእክት አታጥፋው፤ ከስድስት ወር በኋላ ተኝተሽ ነበር ሲሏት የምታሳያቸው እሱን ነው።